ሽበት ያልገታቸው ተማሪ፦ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ



ሲያረጁ አይበጁ የሚል አባባል አለን። ሲነገር እንደ ቀልድ ይመስላል፤ ውስጡ ሲታይ ግን ከባድ ፍርድ ነው። ዕድሜው የገፋ ሰው ማስታወሱ ይከዳዋል፣ አእምሮው ይደነዝዛል፣ አዲስ ነገር መቀበል ይሳነዋል፤ ስለዚህ ከእርሱ ምንም አይጠበቅም ማለት ነው። ይህ ፍርድ ለመምህርነት የምንሠለጥነውን እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። ነገ ከዚህ ተቋም ወጥተን ወደ አሶሳ፣ ወደ ባምባሲ፣ ወደ ደብረ ዘይት፣ ወደ ካማሺና ወደ መተከል ስንበተን ከጠመኔና ከጥቁር ሰሌዳ ጋር ሠላሳ፣ አርባ ዓመት እንኖራለን። መምህርነት ደግሞ እንደሚታወቀው አድካሚ ሥራ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሞ መናገር፣ ማታ የተማሪ ደብተር ማረም፣ በማግስቱ ያንኑ ትምህርት ለሌላ ክፍል መድገም አለ። የመምህሩ ማስታወሻ ወረቀት ከዓመት ዓመት እየወየበ ሲሄድ አእምሮውም አብሮ እንዳይወይብ ታዲያ ምን ይደረግ?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ሕይወት በአገራችን ታሪክ ውስጥ አለ። ባለታሪኩ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። ብዙዎቻችን ስማቸውን የምናውቀው በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ናቸው እየተባለ ሲነገር ሰምተን ነው። ነገሩ እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ሐኪም ወርቅነህ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን በሠላሳ አራት ዓመታቸው እንደ አዲስ የተማሩ፣ በስድሳ ዓመታቸው የትምህርት ቤት የበላይ ኃላፊ የሆኑ፣ ከስድሳ በላይ ሆነው መማሪያ መጽሐፍ ያሳተሙ፣ በሰባ ዓመታቸው ደግሞ አገራቸውን ወክለው ለንደን ላይ የቆሙ ሰው ናቸው። እንግዲህ ታሪካቸውን ከመጀመሪያው እንከተል።

ስሙንና ቋንቋውን ያጣ ሕፃን

ወርቅነህ የተወለደው በ1857 ዓ.ም. ጎንደር ውስጥ ነው። ዘመኑ የዐፄ ቴዎድሮስ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በመጨረሻ ዘመናቸው ወደ መቅደላ አምባ ሲያፈገፍጉ ብዙ ቤተሰቦች ወደዚያ ተጉዘው ስለነበር የሕፃኑም ቤተሰብ መቅደላ ላይ ተገኘ። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር አምባውን ያዘ። ዐፄ ቴዎድሮስም እጄን አልሰጥም ብለው በገዛ እጃቸው ሞቱ። በዚያ ግርግር ውስጥ አራት ዓመት ያልሞላው ወርቅነህ ከወላጆቹ ተለየ። ያገኙት የእንግሊዝ ወታደሮች ናቸው። ቻምበርሌን የተባለ ኮሎኔልም ሕፃኑን ይዞት ወደ ህንድ ሄደ።

ከዚያው ከመቅደላ ወደ እንግሊዝ አገር የተወሰደው የቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ በ1872 ዓ.ም. ገና በአሥራ ስምንት ዓመቱ በባዕድ አገር ሞቶ ቀርቷል። የወርቅነህ ዕድል ግን ሌላ ሆነ። ኮሎኔል ቻምበርሌን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቢሞትም ማርቲን የተባለ ሌላ ኮሎኔል የማስተማሪያውን ወጪ ተሸከመ። ልጁም ከሁለቱ አሳዳጊዎቹ ስም ተዋጥቶለት ቻርልስ ማርቲን ተባለ። በህንድ አገር በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረ፤ ቀጥሎም ዛሬ በፓኪስታን በምትገኘው በላሆር ከተማ የሕክምና ኮሌጅ ገብቶ በ1874 ዓ.ም. ገደማ ተመረቀ። ያኔ ዕድሜው ገና አሥራ ስምንት ቢሆን ነው። ከዓመታት በኋላ ወደ ስኮትላንድ ተሻግሮ በኤዲንብራና በግላስጎው ተጨማሪ የሕክምና ማዕረግ አገኘ። ከዚያም በእንግሊዞች አስተዳደር ሥር በነበረችው በበርማ የመንግሥት ሐኪም ሆኖ ተቀጠረ።

እስከዚህ ድረስ የአንድ ብሩህ ልጅ ታሪክ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ እንበል። ይህ ብሩህ ልጅ አማርኛን ጨርሶ ረስቶ ነበር። እናቱ ያናገረችውን፣ እሱም አፉን የፈታበትን ቋንቋ አንድ ቃል እንኳ መናገር አይችልም ነበር። ስሙ ወርቅነህ መሆኑንም አያውቅም። አእምሮ እንደ ጎተራ ይመስለናል፤ አንድ ጊዜ የከተትነው እህል እዚያው ተቀምጦ የሚጠብቀን እናስመስለዋለን። እንዲያ አይደለም። ሰሚና ተናጋሪ ያጣ ቋንቋ ከልጅ አእምሮ ውስጥ በጥቂት ዓመታት ይጠፋል። መርሳት የሽማግሌ ብቻ በሽታ አለመሆኑን የሐኪም ወርቅነህ ልጅነት በግልጽ ያሳየናል። ያልተሠራበት ነገር በማንኛውም ዕድሜ ይረሳል።

በሠላሳ አራት ዓመት ፊደል መቁጠር

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር ዓድዋ ላይ የኢጣሊያን ጦር ድል መታ። ወሬው ዓለምን ሲያዳርስ በርማ ውስጥ ያለው ሐኪምም ሰማ። ኢትዮጵያዊ መሆኑን ያውቅ ነበርና የዓድዋ ዜና የተኛውን ነገር ቀሰቀሰበት። ፈቃድ ወስዶ በ1891 ዓ.ም. በሐረር በኩል አዲስ አበባ ገባ። ዐፄ ምኒልክም ተቀበሉት።

ወደ አገሩ የተመለሰ ሰው ከወገኖቹ ጋር በአስተርጓሚ ሲነጋገር ምን ሊሰማው እንደሚችል መገመት ለእኛ አያዳግትም። ነገር ግን የመቅደላው ጠፍቶ የነበረ ልጅ ተመለሰ የሚለው ወሬ ተሰራጨና ሴት አያቱ ዘንድ ደረሰ። አያቲቱም መጥተው በክንዱና በእግሩ ላይ ከልጅነቱ ጀምሮ የነበሩትን ጠባሳዎች አይተው የልጃቸው ልጅ መሆኑን አረጋገጡ። እውነተኛ ስሙ ወርቅነህ እንደሆነም ያን ጊዜ ታወቀ። ሥጋው ያስቀመጠውን ምልክት አእምሮው አላስቀመጠውም ነበር ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ሐኪም ወርቅነህ ከባዱን ሥራ ጀመሩ። አማርኛን እንደ አዲስ መማር ነበረባቸው። በሠላሳ አራት ዓመት ሀ ሁ ብሎ መጀመር፣ ያውም የተከበረ ሐኪም ሆኖ፣ ቀላል ነገር አይደለም። ሕፃን ሲሳሳት ይሳቅለታል፤ ትልቅ ሰው ሲሳሳት ይሳቅበታል። ብዙ የተማረ ሰው አዲስ ነገር ከመማር የሚሸሸውም አእምሮው ስለማይችል ሳይሆን ኩራቱ ስለማይፈቅድለት ነው። ሐኪም ወርቅነህ ይህን አጥር ዘለሉት። እርግጥ ነው፣ የተማሩት አማርኛ ከልጅነት ጀምሮ ሲናገረው እንደኖረ ሰው አልሆነላቸውም፤ የዕለት ማስታወሻቸውንም እስከ ዕድሜያቸው መገባደጃ ድረስ በእንግሊዝኛ ነበር የሚጽፉት። ቢሆንም በተማሩት አማርኛ ሠርተውበታል፣ አስተዳድረውበታል፣ መጽሐፍም አሳትመውበታል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

የበርማው ሥራ አላለቀም ነበርና ጊዜያቸውን ለሁለት አገር ከፍለው መኖር ግድ ሆነባቸው። የኢትዮጵያ ጦር በእንግሊዞች ትብብር በሶማሌ ምድር በዘመተ ጊዜ በሐኪምነት አብረው ሄዱ፤ ተመልሰውም በርማ ሠሩ። በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው መጥተው እስከ 1905 ዓ.ም. ድረስ ቆዩ። በዚሁ ዘመን ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች ወለዱ። ዳሩ ግን ኑሯቸው ምቹ አልነበረም። እንግሊዞቹ እንደ ሐበሻ ያዩአቸዋል፤ ሐበሾቹ ደግሞ የእንግሊዝ ሰው አድርገው ይጠረጥሯቸዋል። በሁለት ዓለም መካከል የቆመ ሰው ሁለቱንም ወገን በየጊዜው ማጥናትና መረዳት ይኖርበታል። ይህም ቢሆን ለአእምሮ ትልቅ ሥራ ነው።

ጡረታ ወጡ፤ ሥራ ጀመሩ

በ1911 ዓ.ም. ገደማ ሐኪም ወርቅነህ ከበርማው መንግሥት ሥራ በጡረታ ተሰናበቱ። ዕድሜያቸው ሃምሳ አምስት እየሆነ ነበር። ለብዙ ሰው ይህ የጋቢና የምድጃ ዳር ዘመን ነው። እርሳቸው ግን ቤተሰባቸውን ይዘው ለዘለቄታው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የሠሩትን ስንቆጥር አንድ ሰው ይህን ሁሉ እንዴት ሠራው ያሰኛል።

ከሁሉ በፊት እኛን የሚመለከተውን እናንሳ። በሚያዝያ ወር 1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት የበላይ ኃላፊነቱ ለሐኪም ወርቅነህ ተሰጠ። ያን ጊዜ ስድሳ ዓመታቸው ነበር። ሐኪም እንጂ መምህር ሆነው አልሠለጠኑም። ያም ሆኖ ትምህርት ቤት ሲመሩ የጎደለውን ነገር በቶሎ አስተዋሉ። ልጆቹ ትምህርቱን የሚቀበሉት በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ነው፤ በራሳቸው ቋንቋ የተጻፈ የዘመናዊ ትምህርት መጽሐፍ እምብዛም የለም። ስለዚህ ራሳቸው ተቀምጠው የዓለምን ጂኦግራፊ በአማርኛ ጻፉ። መጽሐፉ በ1920 ዓ.ም. ገደማ ታተመ። እስኪ ነገሩን ልብ ብለን እንመልከተው። አማርኛን በሠላሳ አራት ዓመቱ የተማረ ሰው፣ ከስድሳ ዓመቱ በኋላ፣ አማርኛ ተናጋሪ ለሆኑ ልጆች በአማርኛ መጽሐፍ አዘጋጀ። ህንድን፣ በርማን፣ ስኮትላንድንና እንግሊዝን በእግሩ የረገጠ ሰው ስለ ዓለም ሲጽፍ ከባዶ አልተነሣም። አዲሱን ሥራ የተከለው ከዚያ በፊት በኖረበት ዕውቀት ላይ ነው።

በዚሁ ዘመን በኢትዮጵያውያንና በውጭ አገር ዜጎች መካከል የሚነሣውን ክርክር የሚዳኘውን ልዩ ፍርድ ቤት መርተዋል። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወስደውን መንገድ ሥራም በኃላፊነት ይዘው ነበር። የሕክምና ዕውቀት ለፍርድ ቤትም ሆነ ለመንገድ ሥራ በቀጥታ አያገለግልም። የሕግ አንቀጽ ማጥናት፣ ስለ ድንጋይና ስለ ድልድይ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሐኪም ወርቅነህም ያጠኑ፣ ይጠይቁ ነበር።

ስለ ባርነት የሠሩትን ሥራ በተለይ ማንሳት ይገባናል፤ ምክንያቱም ጉዳዩ ይህን የእኛን ምድር ይነካል። ከቤንሻንጉልና ከጉምዝ አገር ስንቱ ሕፃን፣ ስንቷ እናት በባሪያ ንግድ እየተነጠቀ እንደተወሰደ ሽማግሌዎቻችን ያውቁታል። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገባች፤ በዚያው ዓመትም አዋጅ ወጣ። አዋጅ ማውጣት ግን አንድ ነገር ነው፤ ነጻ የወጣውን ሰው ማቋቋም ሌላ ነገር ነው። ሐኪም ወርቅነህ ይህን ስለተረዱ የፍቅርና የአገልግሎት ማኅበርን አቋቁመው ነጻ ለወጡ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲኖር ደከሙ። በጦርነት ግርግር ከወላጆቹ የተነጠቀ ልጅ ስሙንና ቋንቋውን እንዴት እንደሚያጣ ከእርሳቸው በላይ ማን ሊያውቅ? ባርነት በአገሪቱ ሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ለዚያ ቀን ቀድመው ከደከሙት መካከል እርሳቸው አንዱ ናቸው።

የአባይ ነገር

በአባይ ዳር ለምንኖር ለእኛ ደግሞ ሌላ የሚያስደንቅ ታሪክ አለ። በ1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል ከእንግሊዝ ጋር ስምምነት ሳይደረስ የአባይን፣ የጣናንና የሶባትን ውሃ የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ ተጽፎ ነበር። ውሉ የተፈረመው ስለ ድንበር ነው፤ ከድንበሩም አንዱ ክፍል የእኛው የቤንሻንጉል ወገን ነው። ከዚያ ወዲህ የእንግሊዝ መንግሥት በጣና ሐይቅ ላይ ግድብ ራሱ እንዲሠራ ለዓመታት ሲወተውት ኖረ።

በ1920 ዓ.ም. ሐኪም ወርቅነህ ወደ አሜሪካ ተላኩ። የተላኩበትም ምክንያት የጣናን ግድብ ሥራ ጄ. ጂ. ዋይት ከሚባል የኒውዮርክ የምሕንድስና ኩባንያ ጋር ለመነጋገር ነበር። ዕድሜያቸው ስድሳ ሦስት ነው። ሕይወታቸውን በሙሉ በእንግሊዞች ትምህርትና አገልግሎት ያሳለፉ ሰው እንግሊዞችን የማያስደስት ነገር ለመፈጸም ውቅያኖስ ተሻገሩ። ዜናው ሲሰማ ለንደን ላይ ድንጋጤ ሆነ። በዚያው ጉዟቸው ሃርለም ወደሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሰፈር ሄደው የሠለጠኑ ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዙ።

የዚያ ዘመን የጣና ግድብ ሳይሠራ ቀረ። ሐሳቡ ግን አልሞተም። በመጋቢት ወር 2003 ዓ.ም. እዚሁ በክልላችን በጉባ ወረዳ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ተመረቀ። የማመንጨት አቅሙም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ሐኪም ወርቅነህ ይህን አላዩም። ሆኖም በስድሳ ሦስት ዓመታቸው ስለ አባይ ውሃ ለመከራከር የውል ጽሑፍና የምሕንድስና ሐሳብ እያጠኑ መርከብ ላይ መሳፈራቸውን ስናስብ፣ ሲያረጁ አይበጁ ያለው ሰው ቸኩሎ ነበር እንላለን።

ከጨርጨር ወደ ለንደን

በ1922 ዓ.ም. ገደማ የጨርጨር አውራጃ ገዥ ሆኑ። ከእርሳቸው በፊት ፊታውራሪ ተክለ ሐወርያት ተክለ ማርያም በዚያው አገር አዲስ አስተዳደር ጀምረው፣ ዛሬ ጭሮ የምትባለውን አሰበ ተፈሪን ቆርቁረው ነበር። ሐኪም ወርቅነህ ከስድሳ አምስት ዓመት በላይ ሆነው ያንን ሥራ ገፉበት። ሹም በደመወዝ እንዲተዳደር፣ ግብር በሥርዓት እንዲሰበሰብ፣ መንገድና ትምህርት ቤት እንዲስፋፋ ጣሩ። ጨርጨርም ለሌሎች አውራጃዎች ምሳሌ እንድትሆን የታሰበች ግዛት ነበረች።

ከዚያ የባሰው ፈተና መጣ። በኅዳር ወር 1927 ዓ.ም. በወልወል ግጭት ተነሣ፤ ኢጣሊያ ለወረራ እንደምትዘጋጅ ግልጽ ሆነ። በዚህ ክፉ ጊዜ ሐኪም ወርቅነህ የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ለንደን ተሾሙ። ሰባ ዓመት ሞልቷቸው ነበር። እንደ ዛሬ ነገሩን በስልክ ጨርሶ መተኛት የለም። ጋዜጠኛ ማነጋገር፣ በየአዳራሹ ንግግር ማድረግ፣ ለጦርነቱ ተጎጂዎች ገንዘብ ማሰባሰብ፣ ከእንግሊዝ ሹማምንት ጋር መከራከር የየቀን ሥራቸው ነበር። ለኢትዮጵያ የተከራከረችው ሲልቪያ ፓንክረስት በ1928 ዓ.ም. ጋዜጣዋን ስትጀምርም ከጎኗ ከቆሙት አንዱ እርሳቸው ናቸው።

ሐዘኑም እዚያው ለንደን ሳሉ ደረሰባቸው። ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ በእንግሊዝ አገር ምሕንድስና ተምረው ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ወደ አገራቸው ተመልሰው ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ኢጣሊያኖች የተማሩ ወጣቶችን እየለቀሙ ሲፈጁ ሁለቱም ወንድማማቾች ተገደሉ። አባታቸው ያን ጊዜ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። በልጅነቱ ከወላጆቹ የተነጠቀ ሰው በሽምግልናው ልጆቹን ተነጠቀ። እንዲህ ያለ ነገር የስንቱን አእምሮ ይሰብራል! ሐኪም ወርቅነህ ግን ክርክራቸውን አላቋረጡም። በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ተመለሰ፤ እርሳቸውም ወደ አገራቸው ገብተው ቀሪ ዘመናቸውን በዚያው ኖሩ። ሰማንያ ስምንተኛ ዓመታቸውን ሊሞሉ ጥቂት ቀናት ሲቀራቸው በ1945 ዓ.ም. መስከረም ወር መጨረሻ ላይ ዐረፉ።

አእምሯቸውን ስል ያደረገው ምንድን ነው?

ይህን ሁሉ ካየን በኋላ ሐኪም ወርቅነህ ከተፈጥሮ ልዩ ሰው ነበሩ ብለን ብናልፈው ምንም አንማርም። ልዩ መሆናቸው እውነት ነው፤ ግን እኛም ልንይዘው የምንችለው ነገር በሕይወታቸው ውስጥ አለ።

አንደኛ፣ ማስታወሻ ይጽፉ ነበር። ለብዙ አሥርት ዓመታት ቀናቸውን በጽሑፍ መዝግበዋል፤ ስለ እርሳቸው ዛሬ ብዙ ነገር ሊታወቅ የቻለውም በዚያ ምክንያት ነው። ማታ ተቀምጦ ዛሬ ምን ሆነ፣ ማንን አገኘሁ፣ ምን ወሰንኩ ብሎ የሚጽፍ ሰው ቀኑን ሁለት ጊዜ ይኖረዋል። ለማስታወስ ደግሞ እንዲህ መለስ ብሎ ማሰብ ዋና መንገድ ነው።

ሁለተኛ፣ የሚያውቁትን ብቻ እየደጋገሙ አልኖሩም። በየጥቂት ዓመቱ አዲስ ኃላፊነት ሲመጣ ከመጀመሪያው ተነሥተው ይማሩ ነበር። ደግሞም የተማሩት ለጨዋታ ሳይሆን ለሥራ ስለሆነ በየቀኑ ይጠቀሙበት ነበር። ቋንቋ ካልተሠራበት እንደሚጠፋ በራሳቸው አይተዋል።

ሦስተኛ፣ ከሰው አልተለዩም። ማኅበር ያቋቁማሉ፣ ከወጣት ጋር ይሠራሉ፣ ከማያምኗቸው ሰዎች ጋር ሳይቀር ይነጋገራሉ።

ዛሬ የሕክምና ሳይንስ ስለዚህ ነገር ምን ይላል? ፈጥኖ የማስላትና አዲስ ነገር በቶሎ የመያዝ ችሎታ ከወጣትነት በኋላ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ይህን መካድ አያስፈልግም። የቃላት ሀብትና በልምድ የተከማቸ ዕውቀት ግን እስከ ስድሳ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊጠነክር ይችላል። ስለዚህ አንጋፋ መምህር ከወጣቱ ቢዘገይም ተማሪው የት ላይ እንደሚሰናከል ቀድሞ ያውቃል። ላንሴት የተባለው ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን በ2016 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት አእምሮን ለመርሳት በሽታ የሚያጋልጡ፣ ነገር ግን ሊስተካከሉ የሚችሉ 14 ነገሮችን ዘርዝሯል። ከነዚህ መካከል በልጅነት ትምህርት ማጣት፣ ያልታከመ የመስማትና የማየት ችግር፣ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ትምባሆ፣ የመጠጥ ብዛት፣ እንቅስቃሴ ማጣትና ብቸኝነት ይገኛሉ። ሁሉም ቢስተካከሉ በሽታው ከሚይዛቸው ሰዎች መካከል 45 በመቶ ያህሉ ላይ ማስቀረት ወይም ማዘግየት ይቻል ነበር ይላል። ቀሪው ግን በእጃችን አይደለም። ስለዚህ ወላጆቻችን ወይም አንጋፋ መምህሮቻችን በመርሳት በሽታ ቢያዙ ልንነቅፋቸውና ልንስቅባቸው አይገባም፤ ሕመም ነውና።

ከዝርዝሩ ውስጥ የመጀመሪያውን ደግመን እንየው። በልጅነት ትምህርት ማጣት ማለት የእኛ ሥራ ማለት ነው። ዛሬ በአንደኛ ክፍል ፊደል የምናስቆጥረው የበርታ፣ የጉምዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ ልጅ ከስድሳ ዓመት በኋላ የሚኖረው አእምሮ በከፊል በእኛ እጅ ነው። በቋንቋው እንዲያስብ፣ እንዲጠይቅ፣ እንዲጽፍ ስናደርገው ለሽምግልናው ስንቅ እየሰነቅንለት ነው።

ለእኛ ለመምህራን የሚቀረን

ታዲያ ከሐኪም ወርቅነህ ሕይወት ምን ይዘን እንሂድ? ሁላችንም ለንደንና ኒውዮርክ አንላክም። የገጠር ትምህርት ቤት ግን ራሱ ሰፊ ዓለም ነው። በተመደብንበት ቀበሌ የሚነገረውን ቋንቋ መማር እንችላለን። አሶሳ ዙሪያ የተመደበ መምህር በርትኛ፣ መተከል የሄደ ጉምዝኛ ወይም ሺናሽኛ ቢማር ተማሪውን ይረዳል፤ የራሱንም አእምሮ ያነቃል። ተማሪ ቢስቅብንም ይሳቅ። ልጁ መምህሩ ሲሳሳትና ሲታረም ካየ መማር የሚያሳፍር ነገር አለመሆኑን ይረዳል።

የዕለት ማስታወሻ መያዝም ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ይበቃል። ዛሬ ትምህርቱ የት ላይ ከበዳቸው? የትኛው ምሳሌ ገባቸው? ይህን በየማታው ሦስት መስመር የሚጽፍ መምህር በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ትምህርት ሲያስተምር የወየበ ማስታወሻ ይዞ አይገባም። በየሦስትና በየአራት ዓመቱ ደግሞ የክፍል ደረጃ ወይም የትምህርት ዓይነት መለወጥ፣ ያልሞከርነውን መሞከር ይጠቅማል። ጂኦግራፊ የሚያስተምር ስለ ጤና ያንብብ፤ ሒሳብ የሚያስተምር የአካባቢውን ታሪክ ከሽማግሌዎች ይጠይቅ። ሥራችን በእግር መሄድ የሚበዛበት መሆኑም ሸክም ብቻ አይደለም፤ ለልብም ለአእምሮም መድኃኒት ነው። እንቅልፍንም አንናቅ፤ ሌሊቱን ሙሉ ደብተር ሲያርም ያደረ መምህር ጠዋት ያስተማረውን ራሱም አያስታውሰውም።

በመጨረሻም በየትምህርት ቤቱ ያሉትን አንጋፋ መምህራን እንመልከት። ብዙ ጊዜ ወጣት መምህራን ሆነን ስንመጣ አሮጌው ዘዴ አለፈበት እያልን ከጎናቸው እንርቃለን። እነርሱም ዝም ይላሉ፤ ዝም ያለ አእምሮ ደግሞ ይዝጋል። ጠይቀናቸው ቢመልሱልን፣ እኛም አዲሱን ብናሳያቸው ሁለታችንም እናተርፋለን። ሐኪም ወርቅነህ በስድሳ ዓመታቸው ትምህርት ቤት ሲረከቡ ዕድሜዎ አልፏል ብሎ የመለሳቸው ቢኖር ኖሮ ያ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ለልጆቹ እጅ ባልደረሰ ነበር።

ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ አባባሉን እንደምናውቀው አንቀበለው። የማይበጀው እርጅና ሳይሆን መማር ማቆም ነው። መማር ያቆመ ሰው ደግሞ በሃያ አምስት ዓመቱም ያረጃል።

ከዝግጅት ክፍሉ